ያልተነቀሉ ችግኞች

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ እሷም ብትሆን ከስሟ ይልቅ በልጇ ስም የታሪኳ እናት ተብላ መጠራት ነው የምትወደው። መንደሯ ከሆሳዕና ከተማ ትንሽ ወጣ ይላል። ቤቷ መንገድ ዳር ነው፣ ጓሮዋ ከቤቷ ጀርባ። ጓሮውን ያየ ሰው ቤቱ ምን እንደሚመስል አያስታውስም።

በጓሮዋ ምን አለ? ጎመን አለ። ጥቂት የቡና እግር አለ። አጥሩ ጥግ ጤና አዳምና በሶብላ አለ። ግን ሰው ቆሞ የሚያየው እንሰቷን ነው። ቅጠሉ የቤቱን ክዳን አልፎ ይሄዳል፤ ግንዱን አንድ ሰው ብቻውን አያቅፈውም። ፍግ በሰዓቱ ታለብሰዋለች፣ በሰዓቱ ትኮተኩተዋለች፣ የደረቀውን ቅጠል በየሳምንቱ ታነሳለታለች።

ይህን ጓሮ ያቆመችው ብቻዋን ነው፣ ወገኖቼ። ባሏ ሲሞት ታሪኳ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። በእነሱ መንደር እንሰት ለቆጮ መፋቅ የሴት፣ እንሰት ነቅሎ መትከል ደግሞ የወንድ ሥራ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ኤርሲዶ ይተክልልኛል ብላ ሁለት ወር ሙሉ ጠበቀች። አቶ ኤርሲዶም የራሱ ጓሮ ነበረውና ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። ወቅቱ ሊያልፍ ሲል የሟች ባሏን ዶማ አንስታ ወጣች። ሴት ዶማ ይዛ እንሰት ልትተክል ነው ተባለ፣ መንደሩ አወራ፣ ተንሾካሾከ። ወሬው እስኪበርድ ችግኙ ሥር ሰደደ። ዛሬ አቶ ኤርሲዶ ራሱ ጥሩ ችግኝ ሲያምረው የሚለምነው እሷን ነው። እሷም አትነፍገውም፤ ስትሰጠው ግን ሁለት ወር እንዳስጠበቃት ሳታስታውሰው አትቀርም።

እንሰት እንዴት እንደሚባዛ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። አንድ ጠና ያለ እንሰት ይመረጣል። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ከዚያ መሃል ያለው ልቡ፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት፣ በቢላ ተቦርቡሮ ይወጣል። ጉቶው ፍግ ይደረግበትና ይቀበራል። ያየ ሰው፣ በቃ ይሄ ሞቷል ይላል። ጥቂት ወር ስትጠብቁ ግን በዙሪያው አርባ ሃምሳ ችግኝ አፈሩን ገፍቶ ይወጣል።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። እነዚያ ችግኞች ዓመት ሲሞላቸው ይነቀላሉ። ሥራቸው ይከረከማል፣ ቅጠላቸው ይቆረጣል፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይተከላሉ። ዓመት ቆይተው እንደገና ይነቀላሉ፤ አሁንም ከፊተኛው የበለጠ ተራርቀው ይተከላሉ። አንዳንዱ ሦስተኛ ጊዜም ይነቀላል። በታሪኳ እናት ጓሮ ከቤት ክዳን በላይ የወጣው እንሰት ሁሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሥሩ ፀሐይ ያየ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ አታመነታም። መጀመሪያ የምትነቅለው ደግሞ የትኛውን ይመስላችኋል? ቀጭኑን? ደካማውን? አይደለም። ወፍራሙን፣ ያማረውን ነው ቀድማ የምትነቅለው። ለምን ሲሏት፣ አዲስ አፈር የሚችለው እሱ ነዋ ትላለች። ሥራውን የተማረችው ከማንም አልነበረም፤ አሥራ ሰባት ዓመት እያደረገችው አወቀችው።

እሷ ቤት አንድ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ይበልጣል ይባላል፣ የጎጃም ልጅ ነው። ያደገው ጤፍ በሚታረስበት አገር ስለሆነ እንሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እዚህ ነው። እንደመጣ ሙዝ መስሎት፣ ፍሬው የሚደርሰው መቼ ነው ብሎ ጠይቆ መንደሩን አንድ ሳምንት አስቆታል። ግን ጥሩ ሰው ነው። እጁ ሥራ ይወዳል። የታሪኳ እናት ከአጥሩ ሥር ትንሽ መሬት ሰጠችው፤ ልቡ የወጣለት አንድ ጉቶም አዘጋጅታ ሰጠችውና ቀበረ።

አርባ ሦስት ችግኝ ወጣለት። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ይቆጥራቸው ነበር። ዶሮ እንዳይጭራቸው በቀርከሃ አጠረላቸው። ለእናቱ ስልክ ደውሎ ነገራት፤ እናቱ ምን እንደሚያወራ አልገባትም፤ ግን ደስ ሲለው ደስ አላት።

ዓመት ሲሞላ የታሪኳ እናት፣ መምህር፣ አሁን ንቀላቸው አለችው። እሺ ብሎ ዶማ ይዞ ገባ። ቆሞ አያቸው። ለምልመዋል፣ ተቃቅፈዋል። ዶማውን ይዞ ተመለሰ። በእሱ አገር የበቀለ ነገር አይነቀልማ። የተዘራ ይታረማል፣ ይጠበቃል፣ ይታጨዳል። ነቅሎ መጣል የአረም ነው። ተመችቷቸዋል፣ ለምን አስቸግራቸዋለሁ አለ። በመንቀል ፈንታ ፍግ ጨመረላቸው። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ አደረገ።

ሰውየው ክፉ ነው ወይ? አይደለም። ሰነፍ ነው? እሱም አይደለም። ይወዳቸዋል። መውደዱን ያዙልኝ።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ውስጥ በዚያች እናት ቤት ሌላ ነገር መጣ። ታሪኳ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ ምደባ ደረሳት። የት? ከጂንካ ወዲያ፣ ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ፣ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ። ቦታው ላይ አዋላጅ የለም። እስከ መጋቢት ሃያ አምስት ሪፖርት አድርጊ ይላል ደብዳቤው። ልጅቷ ደብዳቤውን ስታነብ ፊቷ በራ። እናቷ ያንን የበራ ፊት አየችው።

አትሄጂም አለቻት።

ምክንያቱን ልትሰሙ ትፈልጋላችሁ? ብዙ ነው። ሙቀቱን አትችይውም። ቋንቋቸውን አታውቂም። ወባ አለ። መንገዱ ክፉ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት ትኖራለች? ይህን ሁሉ ተናገረች። ያልተናገረችው አንድ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማታ በሩን ዘግታ ቁጭ ስትል ከፊቷ የምትቀመጠው ታሪኳ ናት። ልጅቷ ከሄደች በማን ስም ልትጠራ ነው? የታሪኳ እናት ስትባል፣ የታለች ታሪኳ ቢሏት ምን ልትል ነው? ይህ ነው ያስፈራት። እኛም እናውቀዋለን ይሄን ፍርሃት፤ ማንም እንዳይንቃት።

ታሪኳ እናቷን አልተከራከረችም። ግን ምርቃት ለመነቻት። እማዬ፣ መርቂኝና ልሂድ አለቻት። እናቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ሂጂ፣ ማንም አልያዘሽም፣ ምርቃቴ ግን አይከተልሽም አለች። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ መያዣ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ልጅቷ መውጣት አቃታት። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፣ ማታ መልሳ ታወጣዋለች። ከእናቷ ጋር ትበላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ትተኛለች።

እናት ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከተማ ወርዳ አንድ ዘመድ ለምና ታሪኳ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትቀጠርበትን ሥራ አገኘች። ጠዋት ሄዳ ማታ ቤቷ የምትገባበት። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። መጋቢውን፣ ልጄ በክፉዎች እጅ እንዳትወድቅ፣ ምደባው እንዲቀየር ጸልዩልኝ አለቻቸው። መጋቢው እጃቸውን ጭነው ጸለዩ፤ እሷም አሜን አለች። አገልጋይም ይሳሳታል፣ ወገኖቼ። ያቺን ልጅ ጠርተው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ብለው አልጠየቋትም።

አራት ቀን ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ መጣ። እማማ፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ አላት። ዶማዋንና ቢላዋን አንስታ ተከተለችው። ታሪኳም ቅርጫት ይዛ ተከተለች።

ያዩት ነገር ያሳዝናል። በዚያው ዓመት የተቀበረው የእሷ ጉቶ የሰጣቸው ችግኞች ዛሬ ከመምህሩ ራስ በላይ ሄደዋል። የእሱ አርባ ሦስት ግን ያው እዚያው ናቸው። እርስ በርስ ተጣብቀው፣ እንደ ሸንኮራ ቀጥነው፣ ቅጠላቸው ወደ ቢጫ ሄዶ ተሰብስበው ቆመዋል። ዘጠኙ መሃል ላይ በስብሰዋል። ሦስት ዓመት ፍግ በልተው፣ ሦስት ዓመት ተጠብቀው ነው እንግዲህ።

የጎደላቸው ነገር ምንድን ነው? አለ መምህሩ። ውሃ አልነፈግኋቸውም። ፍግ አልነፈግኋቸውም።

ምንም አልነፈግካቸውም፣ አዝነህላቸው ነው እንዲህ ያደረግካቸው አለችው። ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገችና አሳየችው። የአንዱ ሥር በሌላው ሥር ውስጥ ገብቶ፣ ተተብትቦ፣ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። ሁሉም አንድ ጭብጥ አፈር ላይ ሲሻሙ ኖረዋል።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ወፍራም ከሚመስለው ጀመረች። በዶማዋ ዙሪያውን ፈነቀለች፣ ግንዱን ይዛ ሳበች። ሥሩ ሲበጠስ ድምፁ ይሰማል። መምህሩ ፊቱን አዞረ። ሥሩን ከረከመች፣ ቅጠሉን ቆረጠች፣ ለታሪኳ አቀበለቻት። ታሪኳም ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

መምህሩ ዝም ማለት አልሆነለትም። የልጅቷን ነገር እሱ አያውቅም። በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ከቤት አላወጡትም። እሱ ስለ እንሰት ነው የጠየቀው።

እማማ፣ አዲሱ ቦታ ቢደርቅብኝስ? እዚህ እንኳን ቀጭንም ቢሆን በሕይወት አለ። እዚያ ምን እንደሚያገኘው በምን አውቃለሁ?

እሷም እጇን ከሥራው ሳታነሳ መለሰችለት፤ ስንት ሰው ጠይቋት ስንቴ የመለሰችው መልስ ነው።

መጀመሪያ ይጠወልጋል። የያዘው ቅጠል ሁሉ ይደርቃል፣ ሞተ ብለህ አታልቅስ። አንተ እየሄድክ አትነካካው። ትንሽ ቆይቶ ከመሃሉ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ደግሞስ ዝናብ የሚዘንበው እኔ ጓሮ ብቻ ነው እንዴ? እዚያም ያው ፈጣሪ ነው የሚያዘንበው።

ይህን ብላ የሚቀጥለውን ግንድ ያዘች። ያዘችው እንጂ አልሳበችውም።

ታሪኳ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አልተኮሳተረችም። ብቻ አየቻት። እናትም የገዛ አፏ ያወጣውን ቃል ሰማች። አሥራ ሰባት ዓመት ለሰው ስትናገረው የኖረችውን ያን ቀን ገና ሰማችው። ጉልበቷ አፈሩ ላይ እንዳለ፣ እጇ ግንዱን እንደያዘ፣ እንባዋ መጣ። መምህሩ ደነገጠ፤ ስለ እሱ ችግኞች ያለቀሰች መስሎት ይቅርታ መለመን ጀመረ።

በልቧ ግን አንድ ክርክር ቀርቷት ነበር። የመምህሩ ችግኝ አርባ ሦስት ነው፣ የኔ ግን አንድ ናት አለች። አርባ ያለው ይንቀል፣ አንድ ያላት ምን ታድርግ? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ወገኖቼ። ልጆች ብዙ ያላችሁ በቀላሉ አትመልሱላት። መልሱን ያገኘችው እጇ ውስጥ ካለው ግንድ ነው። ወፍራሙን፣ ያማረውን ነበር የያዘችው። ቀድሞ የሚነቀለው እሱ መሆኑን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ልጇም ጠንካራ ልጅ ናት። ያሳደገቻት ራሷ ናትና ታውቃለች።

ሳበችው። ሥሩ ተበጠሰ። ከረከመችው፣ ለልጇ አቀበለቻትና እንዲህ አለች፤

መኪናው ከሆሳዕና የሚነሳው በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?

ታሪኳ ቅርጫቱን አስቀመጠች። እናቷ አፈር ከእጇ ላይ ለማራገፍ እንኳን ጊዜ አልሰጠችም፣ እዚያው አፈሩ ላይ እንደተንበረከከች መረቀቻት። እግርሽ ያረፈበት ይለምልም። እጅሽ የነካው ይዳን። የምታዋልጃት ሁሉ በሰላም ትገላገል። ሰው ይስጥሽ፣ እናት የምትሆንሽ አትጥፋብሽ። እግዚአብሔር ከኔ በፊት ይድረስልሽ። ታሪኳ አሜን፣ አሜን አለች። መምህር ይበልጣልም ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባው ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ።

ማክሰኞ ሄደች።

ከዚያስ ሁሉም ነገር አማረ ወይ? አልዋሻችሁም። የመጀመሪያው ወር ታሪኳ ስልክ እየደወለች ታለቅስ ነበር። ሙቀቱ ከበዳት። ቋንቋው አልገባትም። በሦስተኛው ሳምንት ወባ ያዛት። እናት ሁለት ጊዜ ዕቃዋን ሸክፋ ልታመጣት ተነስታለች። ሁለቴም በር ላይ ቆማ፣ እየሄድክ አትነካካው ያለችው ትዝ ብሏት ተመልሳ ተቀመጠች። በሦስተኛው ወር ታሪኳ ደወለች፤ እናት እንባ ጠብቃ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቸኩላ ነበርና፣ እማዬ ምጥ ላይ ያለች ሴት አለችኝ፣ ኋላ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። እናት ስልኩን ይዛ ለብቻዋ ሳቀች።

የመምህሩም ሠላሳ አራት ችግኞች ተርፈዋል። ዘንድሮ እንደገና ነቅሏቸዋል፣ በራሱ እጅ። ፊቱን አላዞረም አሉ።

እንግዲህ እናንተስ?

በእጃችሁ ጨብጣችሁ ያልለቀቃችሁት ማነው? ለትምህርት ልሂድ ያለችውን ልጅ፣ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ያለውን ወንድም፣ ለአገልግሎት ተጠራሁ ያለውን ወጣት፣ በምርቃት ያሰራችሁት አለ ወይ? እወደዋለሁ ትላላችሁ። አውቃለሁ፣ ትወዱታላችሁ። መምህሩም ይወድ ነበር፤ በፍቅር ዘጠኙን አበሰበሰ።

በጸሎታችሁስ ምን ትላላችሁ? እግዚአብሔር ሆይ፣ ልጄን አስፋ፣ አሳድግ፣ አትርፍ ትላላችሁ። እሱ ሊያሰፋው ሲነቅለው ደግሞ፣ ኧረ አታስነካብኝ ትላላችሁ። የትኛውን ጸሎት ይስማችሁ?

እናንተ ደግሞ የተነቀላችሁ፣ እዚህ መሃላችን ተቀምጣችሁ ያላችሁ፣ ከአገራችሁ፣ ከሥራችሁ፣ ከለመዳችሁት ቤት ተነቅላችሁ ቅጠላችሁ የተቆረጠ፣ እግዚአብሔር ተወኝ ብላችሁ የደመደማችሁ፣ ስሙኝ። ሊጥላችሁ ቢፈልግ ሥራችሁን ለመከርከም አይደክምም ነበር። ገበሬ የሚጥለውን ነገር አይከረክምም። እናንተን ሲከረክም ቦታ አዘጋጅቶላችኋል ማለት ነው። እኔ ይህን ተስፋ አደርጋለሁ አልላችሁም፣ አውቀዋለሁ።

ያዘኑ እናቶች፣ አባቶች፣ ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። ምርቃት የከለከላችሁት ልጅ አጠገባችሁ ካለ ጥሩት፣ እጃችሁን ጫኑበት። ሩቅ ከሆነ ስልኩን አንሱና ደውሉ። ረጅም ንግግር አታዘጋጁ። እሄዳለሁ ብሎ ተኳርፋችሁ የተለያያችሁት፣ ተቆርጦ ሄዷል ብላችሁ የምታስቡት ልጅ፣ ዓመት ይሁነው አምስት ዓመት፣ ልቡ ዛሬም ደጃችሁ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። የሚጠብቀው የእናንተን አንድ ቃል ነው። ሂድ በሉት፤ ልጄ፣ በሰላም ሂድ በሉት።